ለውሻ ድንጋይ የማቀርበው ለምንድን ነው?

ወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሁለት የውሻ ሳህኖች ተራርቀው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ሳህን መሃል ቡጢ የሚያህል ልሙጥ የወንዝ ድንጋይ አለ። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ይስቃል።

«እታለም፣ ለውሻ ድንጋይ ታበያለሽ እንዴ?»

«እህል ተወደደ» ብዬ አልፈዋለሁ። እውነቱ ረዘም ይላል፤ ሞተሩ እየጮኸ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

እኛ ያለነው ወንበርማ ነው፣ ከሽንዲ ወጣ ብሎ። ወፍጮ ቤቱ ከፊት፣ የአባየ የበቆሎ ማሳ ከኋላ። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቡሬ እስከ ወንበርማ፣ ወዲያም እስከ ጃቢ ጠህናን፣ ክረምት ሲወጣ የሚታየው በቆሎ ነው። እሸት ሲያፈራ ደግሞ እንግዳ ይበዛል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ። ጃርት አገዳውን ከሥር ነክሶ ይጥልና ፍሬውን ገማምጦ ይሄዳል። አሳማ ግን በመንጋ ገብቶ ከሚበላው የሚረግጠው ይበልጣል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስጮሃሉ፣ ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ዋናው ሥራ ግን የውሾቹ ነው።

አያቴ አዳኝ ነበሩ። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ድኩላና ሚዳቋ ያድኑ ነበር። ዛሬ ያለ ፈቃድ አደን ክልክል ነው፤ እኛም አናድንም። ውሾቹ ግን ይህን የነገራቸው የለም። ሽታ ከያዙ ጃርቱ ጉድጓዱ እስኪገባ፣ አሳማው ወንዝ እስኪሻገር አይመለሱም። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይወጣሉ።

አሁን ያሉን ሁለት ናቸው፤ ገስግስና ምናገባህ። የሁለተኛውን ስም ያወጣው አባየ ነው። ለማን ብሎ እንዳወጣው ጎረቤታችን ያውቃል፤ ውሻው በተጠራ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ሦስተኛው ዳማ ነበር። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ዳማን ወንድሜ ከባሕር ዳር በካርቶን ይዞት መጣ። እናቱ ያገር ውሻ፣ አባቱ ጀርመን ሸፐርድ። ሲያድግ አየነው፤ ደረቱ ወደ ታች የወረደ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ። በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ አቁሜ መዝኜዋለሁ፤ 31 ኪሎ። ያገሮቹ ሁለቱ 20 እና 22 ናቸው። ሰው ሁሉ ደረቱን ያደንቅ ነበር። «ይህ እንኳ አንበሳ ነው» ይላሉ። ያ ደረት ለምን አደጋ እንደሆነ የገባኝ ከሞተ በኋላ ነው።

2014 ዓ.ም.፣ መስቀል። ሰኞ ቀን ነበር የዋለው። ቅርጫ ገብተን ነበርና ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆነ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እማየ አንጀቱንና ቁርጥራጩን ሁሉ ለውሾቹ አወጣችላቸው። ዓመት በዓል ነው፤ ማን ይከለክላል? አባየ ራሱ ጨመረላቸው። «ሌሊቱን ይሠራሉ፣ ይጥገቡ» አለ። ሦስቱ ከአንድ ገበታ ስለሚበሉ እሽቅድምድም ነው። ዳማ ሳያኝክ ነው የሚውጠው። ሲበላ እንደ ሞተር ይጮሃል፤ ከሥጋው ጋር አየሩንም ነው የሚውጠው። ከዚያ ላይ ግማሽ ባልዲ ውሃ ጠጣ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከማማው ጩኸት ተሰማ። አሳማ ገብቷል። ሦስቱም ተፈተለኩ።

ገስግስና ምናገባህ ቶሎ ተመለሱ። ዳማ አምስት ሰዓት ላይ ብቻውን መጣ። አመጣጡ ደስ አላለኝም። ጅራቱ ወድቋል። ተኛ፣ ወዲያው ተነሣ። እንደገና ተኛ፣ ተነሣ። ወደ ጎኑ ዞሮ የገዛ ሆዱን ያያል። ከዚያ ማስመለስ ጀመረ፤ ግን ምንም አይወጣም። ሆዱ ይሸመቀቃል፣ አንገቱን ይዘረጋል፣ የሚወጣው የተላቆጠ ለሀጭ ብቻ ነው። «አጥንት አንቆታል» አልን። አፉን ከፍተን በባትሪ አየን። ምንም የለም።

ትንሽ ቆይቶ እማየ ናት ያየችው። «ሆዱ ተነፋ» አለች።

እውነትም ተነፍቷል። ከመጨረሻው ጎድን በኋላ፣ በግራ በኩል። በጣት ስትመታው እንደ ከበሮ ድም ይላል።

አሁን ነው ስህተቱ የጀመረው። ሆድ መንፋት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እርጥብ ማገጥ የጋጠ በሬ ሲነፋ አይተናል። ሕክምናው በቤታችን ይታወቃል፤ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ማጠጣት፣ ማስኬድ፣ ከባሰ የግራ ሽንጡን የሚበሳ ሐኪም መጥራት። አባየ በሬ አድኖበታል። ስለዚህ በሬውን እንዳዳነው ውሻውንም ሊያድን ተነሣ። ዘይት አመጣ። እኔ መንጋጋውን ያዝኩ። ዳማ ዘይቱን መዋጥ አልቻለም፤ ግማሹ በአፍንጫው ተመለሰ። ከዚያ ግቢውን አዞርነው፣ እግሩ እየተብረከረከ። አባየ ቢላዋውን ስሎ «ልብሳው ወይስ ልተወው» እያለ እጁ ተንቀጠቀጠ። አልበሳውም።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ድዱን አየሁት፤ ነጭ። አሥራ አንድ ሳይሞላ ሞተ። አልቅሼ ነበር። ለውሻ ይለቀሳል ወይ እንዳትሉኝ፣ እማየ ብላኛለች።

በሳምንቱ ለላሞቹ ክትባት የመጣውን የእንስሳት ሐኪም ያዝኩትና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኩት። ወጣት ልጅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ አንድ አቅማዳ አንሥቶ በግማሽ እህል ሞላው። ሁለቱን ጫፍ ያዘና አንዴ አዞረው። አቅማዳው በሁለቱም በኩል ተቋጠረ።

«የዳማ ጨጓራ እንዲህ ነው የሆነው» አለኝ።

የውሻ ጨጓራ ከላይ በጉሮሮ ቧንቧ፣ ከታች በአንጀት ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ደረቱ ጥልቅ በሆነ ውሻ ውስጥ የሚወዛወዝበት ቦታ ሰፊ ነው። በምግብና በውሃ ይከብዳል፣ በአየር ይነፋል፣ ከዚያ ይዞራል። ሲዞር ሁለቱም አፍ ይታሰራል። አየሩ በግሳት አይወጣ፣ ምግቡ ወደ አንጀት አይወርድ። ለዚህ ነው ማስመለስ እየሞከረ ምንም ያልወጣለት። የጨጓራው ግድግዳ ደም ያጣል፤ ጣፊያውም አብሮ ይጠመዘዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተነፋው ሆድ ከታች ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ልብ የሚረጨው ደም ያጣል። የድዱ ንጣት ይኸው ነበር። እንግዲህ ጊዜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

ዘይቱስ? ብዬ ጠየቅሁት። በታሰረ አቅማዳ ላይ ዘይት ብታፈሺ የት ይገባል? አለኝ። እንዲያውም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ማስኬዱም ጉልበቱን ጨረሰው። በበሬ ላይ የሚሠራው የበሬ ትልቁ ጨጓራ በግራ ሽንጡ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ግዙፍ ጋን ስለሆነ ነው፤ ዘይቱም አረፋውን ይሰብራል። ለውሻ ግን መዳኛው ሌላ ነው። ሐኪም በቱቦ ወይም በመርፌ አየሩን ያስተነፍሳል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ከዚያ ሆዱን ከፍቶ ጨጓራውን ይመልስና ከቀኝ የሆድ ግድግዳ ጋር ይሰፋዋል። ካልተሰፋ ተመልሶ መዞሩ የተለመደ ነው። በእኛ ቀበሌ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይህን የሚያደርግ ከየት ይመጣል? እሱም አልዋሸኝም። «እዚህ ያለሽ መድኃኒት ሰዓት ነው» አለ።

የምግብ ሰዓት ማለቱ ነው።

ሲገባኝ የተናደድኩት በአያቴ ነው፣ በደግ በኩል። ሰውየው ያውቁት ነበር! አባየ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ አያቴ አደን በሚወጡበት ጠዋት ለውሾቹ ምንም አይሰጡም። ድርሻቸውን የሚያገኙት ከአደን በኋላ ነው፣ ያውም ሰው አርፎ፣ እሳት ተነድዶ፣ ውሻው ማለክለኩን ሲተው። እኛ ይህን የምንሰማው እንደ ንፍገት ነበር። «የራበው ውሻ ይበልጥ ያድናል» ብለውት ይሆናል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ሥርዓቱ ልክ ነበር። እኛ አደኑን ስንተው ሥርዓቱንም አብረን ተውነው። ማታ ከሰው እራት በኋላ የተረፈውን ሁሉ መድፋት፣ ከዚያ ሌሊት ማሯሯጥ።

ስለዚህ ገልብጬዋለሁ። በበቆሎ ወራት ውሾቻችን የሚሠሩት ሌሊት ነው፤ ዋናው ምግባቸው ጠዋት ነው ማለት ነው። ንጋት ላይ ሲመለሱ ወዲያው አልሰጥም። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትንሽ። እስኪበርዱ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይተኛሉ። እኔም በዚያች ሰዓት ቡና አፈላለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ትልቁን ምግብ ይበላሉ፤ ከዚያ ቀኑን በጥላ ሥር ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛውን፣ የጠዋቱን ግማሽ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሆዳቸው ቀለል ይላል። ትልቅ ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል የማታው ሩጫ ከጠዋቱ ምግብ ይርቃል፣ የዘጠኝ ሰዓቱም ትንሽ ነውና አይከብድም። ረጅም ሌሊት ከሆነና ዳገት ከወጡ፣ ምናገባህ አንዳንዴ ጉልበቱ ይከዳዋል። ለእሱ ማማው ላይ ያለው ልጅ ጉርሻ የምታህል ቂጣ በቅቤ ነክሮ ይሰጠዋል። ጉርሻ ብቻ። ልጁ ቂጣውን ራሱ እንደሚበላው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለት እልካለሁ።

በበጋ ማሳው ሲታጨድ ሩጫው የለም፤ ያኔ ጠዋትና ማታ እኩል ይበላሉ። በቀን አንዴ ግን አልሰጥም። የቀን ምግቡን በአንድ ጊዜ የሚቀበል ጨጓራ ይለጠጣል፣ የለመደ ልጥጥ ደግሞ መዞር ይቀለዋል።

ምን ይበላሉ የሚለው ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ሰው ያለውን ነው የሚሰጠው። እኔ ጋ የወፍጮ ቤት ጠረጋና የበቆሎ ዱቄት አይጠፋም፤ ገንፎ አድርጌ፣ አሬራ ወይም አጓት አፍስሼ፣ ሲገኝ የተቀቀለ የዶሮ እግርና አንገት (አጥንቱን አውጥቼ) እጨምርበታለሁ። በቆሎ ብቻውን ሮጦ ለሚያድር ውሻ አይበቃም፤ ጎድኑ ይነግርሃል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ አልሰጥም። ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፤ ይህን እማየ እስካሁን አላመነችኝም። ጥሬ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካየሁ ደግሞ እቀብረዋለሁ ወይም አቃጥለዋለሁ። ያ የኮሶ ዘር ነው፤ ውሻው ይበላዋል፣ ከውሻው ወደ ልጆቻችን ይመጣል።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ዳማ ሳይሞት በፊት ሦስቱም ከአንድ ገበታ ነበር የሚበሉት ብያለሁ። አሁን ለየብቻ፣ ተራርቀው። ድንጋዩ መሃል ላይ ስለተቀመጠ ገንፎውን በዙሪያው መላስ አለባቸው፤ መዋጥ አይችሉም። ገስግስ ድሮ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን አሁን አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ድንጋዩ ትልቅ መሆን አለበት፣ እንዳይውጠው። ሳህኑም መሬት ላይ ነው። ወንድሜ ከባሕር ዳር ሲመጣ «ለትልቅ ውሻ ሳህኑን በርጩማ ላይ አድርጊለት፣ አንገቱን እንዳያጎነብስ» ብሎኝ ነበር። በስልኬ ሳነብ አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,600 በላይ ትልልቅ ውሾችን ተከታትለው በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን አገኘሁ። ከፍ ካለ ሳህን የሚበሉት ላይ በሽታው በዝቶ ታይቷል። በፍጥነት የሚበሉ፣ ያረጁ፣ እናት አባታቸው ወይም ወንድም እህታቸው በዚሁ የታመመባቸውም እንደዚሁ። ስለ ሳህኑ ነገር በኋላ የተከራከሩ አሉ፤ እኔ ግን በርጩማዬን ለእንግዳ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ ከዳማ እናት ሌላ ቡችላ ላምጣ ሲለኝም እምቢ አልኩ።

አንድ የሚያስቅ ልጨምር። አምና እማየ የጤፍ ሊጥ አቡክታ ቡሃቃውን ደጅ ላይ ትታ ገበያ ሄደች። ገስግስ ገባበት። ስንመጣ ግማሹ የለም፤ ውሻው ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። እውነትም ሰክሯል። ሊጥ ሆድ ውስጥ በሙቀት ይኩፈሳል፣ አልኮልም ይሠራል። ሆዱን ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ከበሮው ይሰማኛል። ግን ያን ጊዜ የማየው ነገር ነበረኝ። ድዱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለቀቅሁት፤ ነጣ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀላ። ያገሳል። አስመለሰም፣ ሊጥ ወጣ። አልዞረም ማለት ነው። ዘይት አልሰጠሁም፣ አላስሮጥኩትም። ምናገባህን ትተን እሱን በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ በቱቦ አስተነፈሰው። የቀረውን ሊጥ ሲያወጣ ክፍሉ ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። ባለ ባጃጁ እስካሁን «ያ ሰካራሙ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ከባድ የሚሆንብኝ ፋሲካ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከቤታችን አጥንት አይወጣም፤ ውሾቹም ሳይወዱ ይጾማሉ። ለእነሱ ባቄላ አብስዬ፣ እንቁላል ሲገኝ ሰብሬበት አቆያቸዋለሁ። ከዚያ በአንድ ሌሊት በግ ይታረዳል። 55 ቀን ገንፎ የለመደ ሆድ ላይ ሞራና አንጀት መጫን አይሆንም። ስለዚህ የፋሲካ ዕለት እጄን አጥብቄ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። ጎረቤት «ለበዓል እንኳ ለውሻ ትሰስታለች» ይላል። ይበል።

አባየ መጀመሪያ በሥርዓቴ ይስቅ ነበር። «ውሻ በሰዓት የሚበላው ቢሮ ሊገባ ነው?» ይለኛል። የዳማን ነገር ግን አንሥቶ አያውቅም፤ ያን ቢላዋም ከዚያ ወዲህ ለሥጋ ሲያወጣው አላየሁም። አምና መስቀል ማታ ቅርጫው ተከፋፍሎ እማየ እንደ ልማዷ አንጀቱን በሳፋ ይዛ ወደ ውሾቹ ስትሄድ፣ አባየ ከመደቡ ተነሥቶ ሳፋውን ተቀበላት። «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል አልኩት። ሳፋውን ወስዶ በገመድ ከዋንዛው ላይ ሰቀለው። «ጠዋት ይበላሉ።»

ሥርዓቱ ትክክል ነበር። ችግሩ፣ ሁለቱም ውሾች ሌሊቱን ሙሉ ከዋንዛው ሥር ቁጭ ብለው ወደ ላይ ሲያዩ አደሩ። ከማማው ቢጠሩ፣ ቢፎከር፣ ቆርቆሮ ቢደበደብ ንቅንቅ የለም። አሳማው ተረጋግቶ ከወንዙ በኩል ያለውን በቆሎ በላ። ጠዋት አባየ ማሳውን ዞሮ ሲመለስ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሳፋውን አወረደ፣ ድንጋዮቹን በየሳህኑ አስተካከለ፣ አካፈላቸው። ዘንድሮ ሥጋውን የማስቀምጠው ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ በር ቆልፌ ነው።